ያላመጣሁት መርዶ

ፖለቲከኛ የሆንኩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ለወረዳችን ምክር ቤት ልትወዳደር የነበረችው ሴት ለቡ ቤት ሠርታ ሰፈር ቀየረች፤ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ሲል ሌላ ሴት ተፈለገች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔን አገኙ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ከሆሳዕና መጥቼ ላፍቶ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ከሰፈሩ ወጣት ግማሹን ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አስመራጮቹ "ከማንም ተጣልታ አታውቅም" ብለው መሰከሩልኝ። ውሸታቸውን ነው። ከብዙ ሰው ተጣልቻለሁ፤ ብቻ አስተማሪ ስትጮህ እንደ ጠብ አይቆጠርባትም።

የተመረጥኩ ዕለት ባለቤቴ ከሶፋው ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና "የተከበሩ፣ ሹመት ያዳብር" አለኝ። ቀጥሎ የቆሻሻውን ፌስታል አቀበለኝ። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀልዱ ሁሉ እንዲህ ነው። ሹመቴ ደመወዝ የለውም፣ ቢሮም የለውም፣ ስብሰባ ግን አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ቦይ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ኮብልስቶን ስሰማ እውል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ትልቁ ሥራ ወደ ትምህርት ቤታችን በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የመንገድ መብራት እንዲተከል ማድረግ ነው። ባለቤቴ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ቢያንስ በእኛ በር ላይ አስተክይው" ይለኝ ነበር። አላስተከልኩም። አሁንም በራችን ጨለማ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

መጀመሪያ ላይ፣ ማፈሬ አይቀርም እንጂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጦርነቱ አይደለም ደስ ያለኝ፤ ሥራው ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ቦይ ሲወራ ብቻ የሰማሁ ሴትዮ በአንድ ጊዜ በእጅ የሚሠራ ነገር ተሰጠኝ። የትምህርት ቤታችን ግቢ የስንቅ ማዘጋጃ ሆነ። ከእኛ ቸርች ሴቶች ጋር፣ ከማርያም ማኅበር ሴቶች ጋር፣ ከመስጊዱ ሰፈር ከመጡት ጋር ተቀላቅለን በሶ ስንሸክፍ፣ ዳቦ ቆሎ ስንጠብስ እንውል ነበር። ማን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አዛለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እስቃለሁ። ማታ ማታ ልብሴ በሶ በሶ እየሸተተ ስገባ ባለቤቴ "የጦር ሚኒስትሯ መጡ" ይላል። ይህን ሁሉ ስንቅ የሚበላው ማን እንደሆነ ያን ሰሞን በደንብ አላሰብኩትም ነበር።

የሚበሉት ልጆቼ ነበሩ። ምዝገባው ሲጀመር ከተሰለፉት ውስጥ ብዙዎቹ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ናቸው። አንደኛው አሁን የምናገርለት ልጅ ነው። በልጅነቱ ላጲሱን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ የሚያሽ፣ ስህተት የሚያሳፍረው ልጅ ነበር። አድጎ ከላፍቶ ሜክሲኮ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኗል። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ዘርግታ ጎመንና ቃሪያ የምትቸረችር ሴት ናት፤ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠብቆ በክፍሉ መስኮት አንገቱን አስገባና "ቲቸር፣ ልመዝገብ እንዴ?" አለኝ።

ያን ጥያቄ ዛሬም ድረስ እመልሰዋለሁ። ዕቃ እያጠብኩ እመልሰዋለሁ፣ ታክሲ እየጠበቅኩ እመልሰዋለሁ። እንደ አስተማሪው ቢሆን "እናትህን ማን ይረዳታል?" ማለት ነበረብኝ። እንደ ምክር ቤት አባል ደግሞ "ተመዝገብ" ማለት ይጠበቅብኝ ነበር። ሁለቱንም አላልኩም። "ልብህ ያለህን አድርግ" አልኩት። ምን ዓይነት መልስ ነው? ፖለቲከኛ መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ልጁ ግን እንደ ፈቃድ ወሰደው፤ በማግስቱ ተመዘገበ።

የሽኝቱ ዕለት ኳስ ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ንግግር አድርጊ ተባልኩና አደረግኩ። ምን እንዳልኩ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ሰው ግን አጨብጭቧል። ስጨርስ እናትየዋ ሕዝቡን እየገፋች መጣች። በአንድ እጇ የልጇን እጅ ይዛለች። የኔን እጅ ሳብ አደረገችና እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"እህቴ፣ አደራሽን" አለችኝ። "የሰጠሁት ለመንግሥት አይደለም። እኔ መንግሥት የሚባለውን አላውቀውም። የሰጠሁት ላንቺ ነው።"

ልጁ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ "በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንድ የመንገድ መብራት ለማስተከል አስራ አንድ ወር የፈጀብኝ ሰው፣ ጦር ሜዳ የሚሄድ ልጅ በእኔ ይሁንብሽ አልኩ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የታሸጉ ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። ከላይ ለወረዳው ይደርሳሉ፤ ወረዳው ደግሞ ለቤተሰቡ መርዶ የሚያደርስ ሰው ይመድባል። የሰፈሩ ተመራጭ ስለሆንኩ ሁልጊዜ አንደኛዋ እኔ ነኝ። አብረውኝ የሚሄዱት የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እንደ ቤተሰቡ ሃይማኖት ደግሞ አንድ ሽማግሌ እንጨምራለን። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በእኩለ ቀንም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ለሥራ ሳይበተን። የቅርብ ጎረቤቶች ማታውኑ በሹክሹክታ ይነገራቸዋል፤ የእድሩ ድንኳን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ከዳኛው ጋር እሄዳለሁ፣ በር አንኳኳለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ "ሞተ" ብዬ አላውቅም። ማለት አያስፈልግም ነበር። በሩ ተከፍቶ እኛን ማየት ይበቃል።

ብዙም ሳይቆይ ሰው ጠዋት እኔን ሲያይ መደንገጥ ጀመረ። አንድ ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንዲት እናት አየችኝና ተመልሳ በሯን ስትዘጋው ሰማሁ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነው ያዞረችው። ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስኩና ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ዳቦ የሚገዛው እሱ ሆነ። ሥልጣን ማለት ይህ ነው፤ የመረጠሽ ሰው ካንቺ ይደበቃል።

የረዳቱ እናት ግን አትደበቅም ነበር። በየሰኞው ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኛለች። የልጇን ስም አትጠራም። "አደራዬ ደህና ነው?" ትለኛለች። እኔም "ደህና ነው፣ ይመጣል" እላታለሁ። ምን ይዤ እንደምላት እግዜር ይወቀው። መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። መስመር ተቋርጦ ነው አልን፤ እውነትም ተቋርጦ ነበር። ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ መስመሩም ተመለሰ፤ የሱ ስልክ ግን አልተመለሰም። ከሄዱት ግማሹ መጡ፤ አንዳንዱ በክራንች፣ አንዳንዱ ሙሉ ሆኖ ግን እንቅልፍ አጥቶ። የሌሎቹ ደብዳቤ መጣ። የሱ ብቻ፣ ራሱም አልመጣ ደብዳቤውም አልመጣ።

ጠየቅኩ። በስብሰባ ጠየቅኩ፣ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ ፎቶውን አባዝቼ በየቢሮው አዳረስኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ሌላው "ዝርዝሩ ሲመጣ እናሳውቃለን" ይለኛል። አንድ ቀን ትሑት የሚመስል ወጣት ኮምፒውተሩን ካየ በኋላ "ማዘር፣ ከሞቱት ውስጥ የለም" አለኝ። "ካሉትስ ውስጥ?" አልኩት። "ካሉትም ውስጥ የለም" አለኝ። ወንበሩን ስቦ ሻይ እንድጠጣ ጋበዘኝ፤ ከዚህ በላይ የሚያደርግልኝ ነገር አልነበረውም።

ልጇን ማምጣት ሲያቅተኝ ሌላ ነገር ላምጣላት ብዬ ተነሳሁ። ሰው ሲያፍር እንዲህ ይሆናል መሰለኝ። ከገበያው ጀርባ ለጉሊት ነጋዴዎች የቆርቆሮ ሼድ ተሠርቶ ነበር፤ ቦታው በዕጣ ይከፋፈላል። ፀሐይና ዝናብ ከሚፈራረቅባት ጃንጥላ ወጥታ ጣራ ሥር እንድትቀመጥ ፈለግኩ። ማመልከቻዋን ራሴ ጻፍኩ፣ ሦስት ስብሰባ ላይ ስለሷ ተከራከርኩ፤ እውነቱን ለመናገር በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተከራክሬ አላውቅም። ስሟ ገባ። ዕጣው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፤ አመልካቿ ራሷ መገኘት አለባት። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቅጽ ሰጡኝ፤ በዚሁ ወረዳ ስለመኖሯ ሦስት የሰፈር ሰዎች ከሷ ጋር ሆነው መፈረም አለባቸው።

ቸኮልኩ። እናትየዋ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አትክልት ልታመጣ ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላ አትገኝም። ስልክ ልደውልላት አሰብኩ። ነገር ግን ከዚያ በፊት "ያንቺ ቁጥር ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል" ብላኝ ታውቃለች። ስለዚህ እንዳትደነግጥ ብዬ በአካል መሄዱ ይሻላል አልኩ። እንዳትደነግጥ ብዬ።

ለፊርማው ለእድሩ ዳኛ ነገርኳቸው። አንድ የታወቁ የሰፈር ሽማግሌም ተስማሙ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ተገናኘን። ብርድ ነበር፤ ነጠላዬን ደረብኩ። ቅጹ እንዳይታጠፍ በክላሰር ይዤዋለሁ። መንገድ ላይ ስለ ዕጣው እያወራን ነበር፤ ዳኛው እንኳን "የማዕዘኑ ቦታ ቢደርሳት ጥሩ ነበር" ብለዋል። የመጨረሻውን መርዶ ካደረስን ዓመት አልፎናል። እኔ ረስቼዋለሁ፣ ጋሼም ረስተውታል። ሰፈሩ ግን አልረሳም።

በሩን አንኳኳሁ። እሷ ልትወጣ ተዘጋጅታ ስለነበር ወዲያው ከፈተችው። ባዶ ማዳበሪያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። እኔን አየች። ዳኛውን አየች። ሽማግሌውን አየች። ከዚያ እንደገና እኔን፣ ነጠላዬን፣ ክላሰሩን አየች። ማዳበሪያውን ከትከሻዋ አወረደችና በጥንቃቄ ለአራት አጠፈችው። መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ነው የጮኸችው።

ምን እንደሆነ የገባኝ ከጩኸቷ በኋላ ነው። ጋሼም እኔም እኩል ነው የገባን፤ ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁት። "አይደለም" አልኩ። "ለመሸጫ ቦታው ነው የመጣነው፤ ዕጣ አለ፤ ልትፈርሚ ነው" አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩት። የሚሰማኝ የለም። የጎረቤት በሮች ተራ በተራ ይከፈታሉ፤ እኛን ያያሉ፤ ይጮኻሉ። ከጎን ካለው ቤት የወጣች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ስትመጣ ክንዷን ያዝኳትና "ሴትዮ፣ የሞተ የለም፤ ለመሸጫ ቦታ ነው" አልኳት። ከላይ እስከታች አየችኝና "ነውር አይደል? እንዲህ ባለ ሰዓት የመሸጫ ቦታ ይወራል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት የመሸጫ ቦታ አይወራም። እንዲህ ባለ ሰዓት ከእድር ዳኛ ጋር ሰው ቤት የሚኬድበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ይህን የማላውቅ እንግዳ አይደለሁም።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ዝም ለማሰኘት ሞከሩ። እናትየዋ ከወደቀችበት ቀና አለችና የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ። ጎንበስ አልኩ። ጩኸቷን አቁማ ነበር፤ ድምፅዋ የተለመደው የገበያ ድምፅዋ ነው።

"አልሞተም በዪኝ" አለችኝ።

"ሞተ ብዬ አልመጣሁም፤ እሱን እየነገርኩሽ ነው" አልኳት።

"እሱን አላልኩሽም። አልሞተም በዪ። አንቺ ካልሽኝ ተነስቼ ሥራዬ እሄዳለሁ።"

ግቢው ሁሉ እኔን ያያል። ማለት እችል ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በየሰኞው "ይመጣል" ስላት ከርሜያለሁ፤ አንድ ተጨማሪ ቃል ምን ይከብድ ነበር? ግን በዚያ ሰዓት፣ ዓይኗ እኔ ላይ ሆኖ፣ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

ነጠላዬን ለቀቀችው። "ይኸው ነዋ" አለች ለሌሎቹ። "ሁል ጊዜ ይመጣል ነበር የምትለኝ። ዛሬ አላውቅም አለች።"

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ተያት ታልቅስ፤ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው ያፈነችው" አሉኝ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተከለ። ማን ትከሉ እንዳላቸው አላውቅም፤ ዳኛውም አላዘዙም። የእድሩ ልጆች ጩኸት ሲሰሙ ብረቱን ተሸክመው መምጣት ለምደዋል። የረዳትነት መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ፎቶ ቤት ተወስዶ ጎልቶ መጣና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ፎቶ ስለሆነ ሲያጎሉት ፊቱ ደብዝዟል። የነፍስ አባቷ መጡና ነገሩን ከሰሙ በኋላ "ማስረጃ ሳይኖር ፍትሐት አልፈታም፤ ለቅሶ ግን ማን ይከለክላል" ብለው ከሷ አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ አጥብ ነበር። እጄ ላይ ሌላ ሥራ አልነበረም። አምስት ሰዓት ሲሆን ዕጣው ትዝ አለኝና እየሮጥኩ ወደ ሼዱ ሄድኩ። ዕጣው አልቋል፤ ስሟ ላይ በቀይ ተሰምሯል። "አመልካቿ አልተገኘችም" አለኝ መዝጋቢው።

"ለቅሶ ላይ ናት" አልኩት።

"ማን ሞተባት?"

"ልጇ" አልኩና ወዲያው "ማለት፣ አልታወቀም" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። "የሞት ማስረጃ ካመጣሽ ለሚቀጥለው ዙር ላቆይላት እችላለሁ" አለኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለልጁ ነው ለቦታው አላውቅም። መኖሩን የሚናገር ወረቀት የለም፣ መሞቱን የሚናገር ወረቀት የለም፤ የኔ ንግግርና የኔ ጥድፊያ ብቻ ነው ያለው።

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። እሷ ጥቁር ለበሰች። ከሳምንት በኋላ ወደ ጃንጥላዋ ተመለሰች፤ በየሰኞው ትምህርት ቤት በር ላይ መቆሟን ግን አቆመች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳልፍ ሰላም ትለኛለች፣ ቃሪያ ስገዛ ትመርቅልኛለች። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃት ጀምሬ ነበር። "ተይው፣ እንቅልፍ አግኝቻለሁ" አለችኝ። ያን ሰሞን ከምክር ቤቱ ለቀቅኩ። ጤናዬ ነው አልኳቸው። ባለቤቴ ምንም አልቀለደም፤ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሲያይ ብቻ "እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴ ሞተር ሳይክል ጎማ ተበላሽቶ ለቡ አንድ ጎሚስታ ጋ ቆምን። ጎማውን የሚለጥፈው ወጣት አንድ እግሩ አይታጠፍም፤ ቁጭ ሲል ወደ ጎን ይዘረጋዋል። ቀና ብሎ አየኝና "ቲቸር" አለኝ። ከዚያ ሜዳ ከሸኘኋቸው አንዱ ነው። ስለ እግሩ፣ ስለ ሥራው አወራን። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "የዛች ጎመን ሻጭ ልጅስ፣ ገባ?" አለኝ።

"የት ገባ?"

"አምና ሰሜን አንድ ከተማ፣ ለሕክምና ወረቀት ሄጄ፣ መናኸሪያ ላይ አየሁት መሰለኝ። ከስቷል። ጆንያ ተሸክሟል። ጠራሁት፣ አልዞረም። በዚህ እግሬ ልከተለው አልቻልኩም።"

ጊዜውን ደጋግሜ ጠየቅኩት። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ብዙ ወር በኋላ።

ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም። ባለቤቴ "መሰለኝ ወሬ አይሆንም፤ ተይው" ይለኛል። ቆይቶ ደግሞ ራሱ "ግን እውነት ቢሆንስ?" ይላል። እኔ ያለችኝን ጥቂት ትውውቅ ሁሉ ተጠቀምኩ፤ የከተማዋን ስም ይዤ ደወልኩ፣ አስደወልኩ። የሚያውቀው የለም። ዝም ብል የእናትን ልጅ እሰርቃለሁ፤ ብናገር ደግሞ ሌላ "በእኔ ይሁንብሽ" መናገሬ ነው። በመጨረሻ ልንገራት ብዬ ወሰንኩ። ሰዓቱን መረጥኩ፤ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት። ነጠላ አልለበስኩም፤ አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለበስኩ። ብቻዬን ሄድኩ። ከሩቅ እንድታየኝ በአስፋልቱ በወዲያኛው በኩል መጣሁ።

ጥቁሩን አውልቃለች። ጎመን እየቆረጠች ነበር። በርጩማ አቀረበችልኝ። የጎሚስታው ልጅ ያለኝን እንዳለ ነገርኳት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ቢላዋው አልቆመም። "አየሁት ነው ያለሽ፣ አየሁት መሰለኝ?" አለችኝ።

"አየሁት መሰለኝ።"

"ፊቱን አይቷል?"

"ከጀርባው ነው።"

"ጠርቶታል?"

"ጠርቶታል፤ አልዞረም።"

"የኔ ልጅ ሲጠሩት ይዞራል" አለች። ቢላዋውን አስቀመጠችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ስሚኝ እህቴ፣ አልተቀየምኩሽም። እኔ ልጄን ያለ ሬሳ፣ ያለ ፍትሐት፣ በአፌ ብቻ ቀብሬዋለሁ። አሁን አውጪው ትዪኛለሽ። ካወጣሁት ነገ ጠዋት በር በሩን ማየት እጀምራለሁ። አቅሙ የለኝም። እናት ነሽ፣ ይገባሻል።"

ልጅ የለኝም። አላረምኳትም።

"አንቺ ጠብቂው" አለችኝ። "የሰጠሁት ላንቺ አይደል? ከመጣ ይዘሽው ነይ፤ በየትኛውም ሰዓት ይሁን። መሰለኝ ካሉሽ ግን እኔ ጋ አታምጪው።"

ሩብ ኪሎ ቃሪያ መዝና፣ ሁለት ፍሬ መርቃ፣ በፌስታል ሰጠችኝ። ሌላ ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ወደ እሱ ዞረች።

አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እሷ ትተኛለች፣ እኔ አልተኛም። ታክሲ ውስጥ የረዳቶችን ፊት አያለሁ። ትናንት ከለቡ ስመለስ በመስኮት አንድ ጆንያ የተሸከመ ቀጭን ልጅ ከጀርባው አየሁ። "ወራጅ" ብዬ መሃል መንገድ ወረድኩ። በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ተከተልኩት፤ ፉሪ መገንጠያው ድረስ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ደረስኩበትና ክንዱን ያዝኩት። ጆንያውን አስቀምጦ ዞረ።

"አቤት ማዘር?" አለኝ። ሌላ ልጅ ነው።

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሰው መስለኸኝ ነው" አልኩት።